ሦስተኛው መስመር

በአፍንጫዬ እኮራ ነበር። ጉድ የሠራኝም እሱ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

በሥራዬ የኬሚስትሪ መምህርት ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ግን አጎቴ የጥርስ ክሊኒኩን ከዘጋ በኋላ፣ የበሽተኞች መቆያ ክፍሉ ውስጥ «አፍንጫ» ተብዬ እጠራለሁ። አምስት ሰዎች ነን፤ ውስኪ እንቀምሳለን። እንቀምሳለን ነው ያልኩት፣ እንጠጣለን አላልኩም። ልዩነቱን እናቴ እስከ ዛሬ አልተቀበለችውም።

አሠራራችን እንዲህ ነው። ተራ የደረሰው ሰው ጠርሙስ ይዞ ይመጣል። ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ልብስ ሰፊ በጠርሙስ ልክ የሰፉት የጨርቅ ከረጢት አለን፤ ጠርሙሱ እዚያ ውስጥ ይገባና ስሙም ዕድሜውም ይሸፈናል። ለእያንዳንዳችን አንድ ሁለት ጉንጭ ይቀዳል። ከዚያ በኋላ ጸጥታ ነው፤ ካርዱ ላይ ሦስት መስመር ሳይጽፍ ማንም ትንፍሽ አይልም። አንደኛው መስመር ላይ ያሸተትነውን፣ ሁለተኛው ላይ የቀመስነውን፣ ሦስተኛው ላይ ከዋጥን በኋላ የቀረልንን እንጽፋለን። ሁሉም ሲጨርስ ጡረታ የወጡት ዳኛ ካርዶቹን ይሰበስቡና፣ ያው እንደለመዱት፣ ፍርድ የሚያሰሙ ይመስል ጮክ ብለው ያነቡልናል።

አምስተኛችንን፣ ፎቶ አንሺውን፣ ያመጡት እሳቸው ናቸው፤ ጎረቤታቸው ነው። የመታወቂያና የፓስፖርት ፎቶ ያነሳል። ረጋ ያለ፣ ሰው ሲያወራ የማያቋርጥ፣ ሸሚዙን እስከ መጨረሻው ቁልፍ የሚቆልፍ ሰው ነው። የመጀመሪያ ቀን የመጣ ጊዜ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ትልቅ የመንጋጋ ሥዕል ሥር፣ ልክ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

ዳኛው የእኔን ካርድ አነበቡ። «ጭስ፣ የከሰል አመድ። ምሬት አለው።»

ቀጥለው የእሱን አነበቡ። «ጭስ። ከጭሱ በኋላ ምሬት።»

አጎቴና እትዬ ስለ ቫኒላ ነበር የጻፉት። ቀና ስል ፎቶ አንሺው እያየኝ ነበር። እኔም አየሁት። ማን ቀድሞ ዓይኑን እንደሰበረ አላስታውስም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እኔ ፍራፍሬ አልኩ፣ እሱም ፍራፍሬ። ከዚያ ማር፣ ከዚያ እንደገና ጭስ። ለስምንት ወር ካርዶቻችን ተለያይተው አያውቁም ማለት ይቻላል። በዚህ ሁሉ ሰው መካከል ዓለም ልክ እንደ እኔ የሚሸተው አንድ ሰው መኖሩ እንቅልፍ ይነሳኝ ጀመር። ፈተና እያረምኩ ስለ እሱ አስባለሁ። ወደድኩት፤ ሌላ ስም የለውም።

አንድ ቀን ከክሊኒኩ ስንወጣ፣ «ሁልጊዜ ከእኔ ጋር ትስማማለህ» አልኩት።

«ትክክል ስለሆንሽ ነዋ።»

«ሌሎቹስ?»

«ሌሎቹን አላያቸውም» አለና ጆሮው ድረስ ቀላ።

ሞኝ ነኝ፤ ይህን የፍቅር ቃል ብቻ አድርጌ ወሰድኩት።

ከዚያ ጉንፋን ያዘኝ። ያውም አፍንጫን ግጥም አድርጎ የሚዘጋው ዓይነት። ቀርቼ ብተኛ ይሻል ነበር፤ ግን እሱን ሳላይ ሳምንት ሊያልፍ ነው። ጉንፋን ይዞኛል ብዬ መናገርም እችል ነበር፤ ግን «አፍንጫ አፍንጫዋ ተዘጋ» ብለው ዓመቱን ሙሉ ሲስቁብኝ ታየኝና ዝም አልኩ። ተራው የዳኛው ነበር። ዳኛው ደግሞ ከጭሳም ውስኪ ሌላ አምጥተው አያውቁም። ብርጭቆዬን አነሳሁ፣ ጠጋ አደረግኩ፣ ዓይኔን ጠበብ አድርጌ በጣም እንደተመሰጠ ሰው ሆንኩ። ምንም የለም። «ጭስ፣ ያረጀ ቆዳ» ብዬ ጻፍኩ።

ዳኛው ማንበብ ጀመሩ። አጎቴ፣ «ማር፣ የበሰለ ኮክ።» እትዬ፣ «ማር፣ ማር፣ አሁንም ማር።» የእኔን ሲያዩ ቅንድባቸው ተነሳ፤ አነበቡት። የመጨረሻውን ካርድ ግን መጀመሪያ ለራሳቸው አነበቡና ከመነጽራቸው በላይ ሁለታችንን ተመለከቱን።

«ጭስ» አሉ። «ድርቅ ያለ ጭስ ይላል። ልጆቼ፣ ዛሬ ልለውጥ ብዬ ነው ይህን ያመጣሁት። ይሄ ጠርሙስ ጭስ በአጠገቡ አላለፈም።»

«ተያይዘው ጠፉ!» ብሎ አጎቴ ጭኑን መታ።

«ፍቅር አፍንጫ ይዘጋል እንዴ?» አሉ እትዬ፣ ሳቃቸውን በመሐረብ እየሸፈኑ።

ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን መምህርት ነኝ። ሁለት ተማሪዎች አንድ ዓይነት ትክክለኛ መልስ ቢጽፉ ጎበዞች ናቸው እላለሁ። አንድ ዓይነት ስህተት ከጻፉ ግን አንዱ ኮርጇል። እኔ ለምን እንደተሳሳትኩ አውቃለሁ። እሱስ? ከተቀመጠበት ቦታ ሆኖ ካርዴን ሊያይ አይችልም። ታዲያ ከምን ላይ ነው የኮረጀው?

እስከ ረቡዕ ቻልኩ። ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስወጣ ቀጥ ብዬ ፎቶ ቤቱ ሄድኩ። ነጭ መጋረጃ፣ አንድ በርጩማ፣ ግራና ቀኝ የቆሙ ሁለት መብራቶች። ሌላ ወንበር ስለሌለ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ።

«ኮርጀሃል» አልኩት።

አላስተባበለም። እጁ ላይ የነበረውን መቀስ ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«ከካርድሽ አይደለም።»

«ታዲያ ከምኔ ነው?»

«ከፊትሽ።»

ሳላስበው እጄን ፊቴ ላይ አደረግኩ።

«ምንም ካልሸተተኝ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው» አለ። «ታምሜ ተነሳሁ፤ ሽታው ግን አልተመለሰም። ሐኪሙ ኃይለኛ ሽታ ያላቸውን ነገሮች እየደጋገምክ ተለማመድ አለኝ። ለዳኛው ምክንያቱን ሳልነግራቸው ጋበዙኝ። የመጀመሪያው ቀን ለሁላችሁም ልናገር ነበር።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«አንቺ ብርጭቆሽን አነሳሻ። እኔ ቀኑን ሙሉ ሰዎችን ፊታችሁን አታንቀሳቅሱ ስል ነው የምውለው። የአንቺ ፊት ግን ሁሉን ነገር ይናገራል። ጭስ ሲሆን ግራ ዓይንሽ ጠበብ ይላል። ፍራፍሬ ሲሆን ራስሽ ወደ ቀኝ ዘንበል ይላል። ማር ሲሆን ከንፈርሽን ትነክሺያለሽ።»

«ያን ቀን ጉንፋን ይዞኝ ነበር። የሠራሁት ፊት ውሸት ነው።»

ዓይኑ ፈጠጠ። «ውሸት? ጎበዝ ነሽ፤ ፍጹም አላወቅኩም።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። የመጣልኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከአፌም ሳላስበው አመለጠ። «እና ስምንት ወር ሙሉ የወደድኩት የገዛ አፍንጫዬን ነው?»

የተናገርኩት ምን እንደሆነ ሲገባኝ ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። ከኋላዬ ጠራኝ፤ አልዞርኩም።

ቅዳሜ አልመጣም። ከመንጋጋው ሥዕል ሥር ያለው ወንበር ባዶውን ዋለ። ዳኛው፣ «ምን ነካው ይሄ ልጅ?» ሲሉ እኔ የጠረጴዛውን ጠርዝ ስፍቅ ነበር። ተናድጃለሁ፤ ናፍቆኛልም። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ጥያቄ ይበላኛል። ከእኔ የወሰደው ሁሉ ሲቀነስ፣ እዚያ ወንበር ላይ ሰው ነበረ ወይስ አልነበረም?

የድሮ ካርዶቻችን በአጎቴ የበሽተኞች ካርድ ማስቀመጫ ውስጥ፣ ከሰው ጥርስ ታሪክ ጋር ተደርድረው ይገኛሉ። ሌሎቹ ሲሄዱ አወጣኋቸውና የእኔንና የእሱን ጎን ለጎን ዘረጋሁ። አንደኛው መስመር ያው የእኔ። ሁለተኛውም፣ ምላስ ብቻውን የሚለየው ጣፋጭና መራራው ሲቀር፣ የእኔ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ቆምኩ።

እኔ ሦስተኛው መስመር ላይ ሁልጊዜ የምጽፈው «ረጅም»፣ «አጭር»፣ «መካከለኛ» ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ያለሁ ነው የሚመስለው። እሱ ግን እንዲህ ብሏል፦ «ጉሮሮዬን ነደፈና ወዲያው ይቅርታ ጠየቀ።» ሌላው ካርድ ላይ፦ «ምላሴን ዘይት ቀብቶ ሄደ።» ሌላው ላይ፦ «ይሄኛው ቸኩሏል፤ ሲገባም ሲወጣም አልነገረኝም።» የአንድ ቀኑ ደግሞ፦ «ደረቴ ላይ ተቀመጠ። ሒድ ማለት አልፈለግኩም።» ዳኛው እነዚህን ሁሉ ጮክ ብለው አንብበውልኛል፤ እኔ ስለ አፍንጫዬ ሳስብ አልሰማሁም።

ጠርሙሱ ውስጥ ከተረፈው ቀዳሁና አፍንጫዬን በሁለት ጣቴ ይዤ አንድ ጉንጭ ዋጥኩ። ሙቀቱ ቀስ እያለ ወረደ። ስንት ዓመት ቀምሼ ይህን ሳላየው!

አጎቴ ብርጭቆ እያጠበ ቀና አለ። «ምን እየሆንሽ ነው አንቺ ልጅ?»

«እየተማርኩ ነው።»

«አፍንጫሽን ይዘሽ?»

«አዎ፣ እሱን ይዤ።»

ሰኞ ተመልሼ ፎቶ ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ ሲያየኝ ከመብራቱ ገመድ ጋር ተጠላለፈ።

«ቅዳሜ ና» አልኩት።

«ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ሦስተኛውን እንደድሮው። አንደኛው ላይ እውነቱን።»

«ቢስቁብኝስ?»

«መጀመሪያ የሚስቁት በእኔ ነው። ተራዬን አልሰጥህም።»

ቃሌን ጠበቅኩ። ቅዳሜ ጠርሙሱ ሳይከፈት ተነስቼ ስለ ጉንፋኑ፣ ስለተመሰጠው ፊቴ፣ ስላረጀው ቆዳ ሁሉንም ተናገርኩ። አጎቴ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ቀመስን፣ ጻፍን፣ ዳኛው ካርዶቹን ሰበሰቡ። የእሱ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«አንደኛ መስመር። ምንም አይሸተኝም። ሁለት ዓመት ሆኖኛል። እዚህ የጻፍኩትን ሽታ ሁሉ ከእሷ ፊት ላይ ነው ያነበብኩት። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ማንም አልሳቀም። እትዬ እጃቸውን ክንዱ ላይ አሳረፉ። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ ሦስተኛውን መስመር ለራሳቸው አነበቡ።

«ከዛሬ ጀምሮ» አሉ፣ «በሦስተኛው መስመር ላይ የመጨረሻ ቃል የእሱ ነው። ይግባኝ የለም።»

ስንወጣ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ጎን ለጎን ሄድን። ለረጅም ጊዜ ይዞት የቆየው ጥያቄ መሆኑ ያስታውቃል፤ «እዚህ መንገድ ላይ ምን ይሸታል?» አለኝ።

ነገርኩት። ከዳቦ ቤቱ የሚወጣው ትኩስ ዳቦ፣ ጥግ ላይ የሚሸጠው የጫማ ቀለም፣ በአንድ ግቢ ውስጥ የተሰጣ ልብስ። ሁሉን በጥሞና ሰማ፤ ዳቦው ትንሽ አርሮ እንደሆነም ጠየቀኝ።

የቤቴ በር ላይ ስንደርስ ቆመ። መሬት መሬት እያየ፣ «እኔስ?» አለ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ራሴን አላውቀውም። ሸሚዝ የምለውጠው በግምት ነው። ሰው ጠጋ ሲለኝ እሸሻለሁ። ማንንም ደፍሬ ጠይቄ አላውቅም።»

የላይኛውን ቁልፍ ፈታሁለት። ተጠጋሁና አፍንጫዬን አንገቱ ላይ አሳረፍኩ። እንደ እንጨት ደርቆ ቆመ፤ የልቡን ምት ጉንጬ ላይ ሰማሁት።

«ሳሙና» አልኩት። «የተተኮሰ ጨርቅ። ከሥሩ ደግሞ አንድ ነገር አለ።»

«መጥፎ ነው?»

«አይደለም። ግን ስም አላገኘሁለትም።»

«ቆይተሽ ፈልጊለታ» አለ በቀጭን ድምፅ።

ቆየሁ። እናቴ መስኮቱን ከፍታ በስሜ ሦስት ጊዜ ጠርታኛለች አሉ፤ እኔ አንዱንም አልሰማሁም።