ቤታችን ሽፍታ ገብቷል

ስሚኝማ የኔ እህት፣ አራት ዓመት ያልሞላውን ልጅ «አትከክ» ብለሽው ታውቂያለሽ? በቃ «እከክ፣ በርታ!» ያልሽው ነው የሚመስለው። ካላመንሽ ፌንጣን ጠይቂያት። እሁድ ከሰዓት ወንድሟን ሚጢን ጭኗ ላይ ጠፍራ ይዛ ጥፍሩን ልትቆርጥ ትታገላለች። እሱ እቴ! እጁን ስትይዝበት በተረከዙ ቅልጥሙን ይፈትጋል።

«ሚጢ! በናትህ፣ ደም ልታወጣው ነው!»

«ይበላኛላ!»

«አውቃለሁ ይበላሃል። አንዲት ጣት ናት የቀረችው፣ አንዲት ብቻ።»

«እሷ የኔ ናት!» ብሎ ጭብጥ አደረጋት።

ፌንጣ ያልናት ቁጭ ማለት ስለማይሆንላት ነው፤ ክፍል ውስጥ እንኳ ወንበሯ ላይ ትዘላለች። ያን ሰዓት ግን ከአልጋው ጫፍ አልተነሳችም። እናታቸው ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው የምትሠራው፣ እሁድም ተረኛ ነበረች። እዛ ደግሞ ሲገቡ ስልካቸውን በር ላይ ተቀብለው ይቆልፉባቸዋል። እስከ አስራ ሁለት ሰዓት እናት የሚባል ነገር የለም በይው።

ቅዳሜ ሆዱ ላይ ሦስት ቀይ ነጠብጣብ ብቻ ነበር። እሁድ ጠዋት ግን ደረቱን፣ ጀርባውን፣ ጆሮው ስር ድረስ ሞልቶት፣ ገሚሱም ውሃ ቋጥሮ አደረ። ስድስት ሰዓት ላይ አቅፋው ወደ መድኃኒት ቤት ሮጠች። ፋርማሲስቷ ገና ከሩቅ ስታያቸው «እዛው በር ላይ ቁሙ፣ እኔ እመጣለሁ» አለችና ወጥታ ሸሚዙን ገለጥ አደረገች።

«ጉድፍ ነው። አንቺስ ወጥቶብሽ ያውቃል?»

ፌንጣ ግንባሯ ላይ ያለችውን ትንሽ ጠባሳ አሳየቻት።

«ጎሽ፣ አንቺ ተገላግለሻል። እንግዲህ ለብ ባለ ውሃ እጠቢው። እንዳትፈትጊው፣ በፎጣ ጠቅ ጠቅ እያደረግሽ አድርቂው። ከዛ ይሄን ሮዝ ቅባት ሽፍታው ላይ አስነኪለት። ስስ ልብስ አልብሺው፣ ከሞቀው ይብስበታል። አስፕሪን የሚባል ነገር እንዳታቀምሺው። ትኩሳቱ ካልበረደ ሐኪም ጋ ነው።»

«ሽፍታው ጠመንጃ አለው?» አለ ሚጢ።

ፋርማሲስቷ ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ግን ኮስተር አለች። «ከሰው አርቁት። በተለይ ከነፍሰ ጡር። ቤት ውስጥ አለች?»

«የለችም።» እውነቷን ነው፤ እነሱ ቤት የለችም። ግን እግሯ አልሄድ አላት። «እ… አቅፎት የዋለ ሰውስ?»

«ከዚህ በፊት ካልወጣበት ሊይዘው ይችላል። ችግሩ ምልክቱ ቶሎ አይታይም፤ ሁለት ሳምንት ግድም ይቆያል። ሰውየው ምንም ሳያውቅ ቤቱ ይዞት ይገባል።»

አሁን ቅዳሜ የሆነውን ልንገርሽ።

ፌንጣ ሒሳብ ላይ ዜሮ ናት፣ አትዘኚባት፣ ራሷም ታወራዋለች። ሰኞ የድጋሚ ፈተና አለባት፤ እሱን ከወደቀች ክፍል ትደግማለች፣ አለቀ። የሚያስጠናት አንድ ሰው ነው፤ ጓደኛዋ ፕሮፍ። ለምን ፕሮፍ እንደተባለች ገብቶሻል። የፕሮፍ እናት ደግሞ ልትወልድ ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። ፕሮፍን ጉንፋን ያለበት ቤት እንኳ ደጁን አታስረግጣትም።

ሦስቱን ነጠብጣብ እንዳየች ፌንጣ ስልኳን አነሳች። «ሚጢ የሆነ ነገር ወጥቶበታል» ብትል ፕሮፍ ትቀራለች። ዝም ብትል ደግሞ ሆዷ እሺ አላላትም። ምን ብትጽፍ ጥሩ ነው? «ቤታችን ሽፍታ ገብቷል።»

ሚጢ ሁሌ በካርቶን ጠመንጃ ከበር ጀርባ ተደብቆ፣ የገባውን ሁሉ «እጅ ወደ ላይ!» የሚል ሽፍታ ነው። ሰፈሩ ያውቀዋል። ፕሮፍማ ስንት ጊዜ ተማርካለች! እና ወዲያው መለሰች፦ «ሃሃሃ ሽፍታውን ሳሚልኝ፣ እጄን ሰጥቼ እመጣለሁ።»

አየሽልኝ ተንኮሏን? ሽፍታ ብላለች፣ ሽፍታ ነው። ነገ ቢመጣባት «ነግሬሽ ነበር እኮ» ልትል። ፕሮፍም እጇን ሰጥታ መጣች፣ ሚጢን ሁለት ሰዓት ሙሉ ጭኗ ላይ አስቀምጣ ክፍልፋይ አስረዳች። ስትወጣም ጉንጩን ሳመችው።

እሺ፣ ወደ እሁድ እንመለስ። አንዷ ጣት እንደምንም ተቆረጠች። ፌንጣ ለብ ያለ ውሃ ገንዳ ውስጥ አድርጋ፣ ሚጢን አስገብታ፣ በእፍኟ ቀስ እያለች ታፈስስበታለች። ውሃው ሲነካው ዝም ይላል፣ ሲያልፍ ያለቅሳል። ያኔ ስልኳ ጮኸ። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ አየችው። ፕሮፍ ናት።

«ፌንጥዬ ተነስተናል። እማዬ እግሬን ላፍታታ ብላ አብራኝ እየመጣች ነው። ሻይ ጣጂ!»

ከፕሮፍ ቤት እነሱ ቤት ሩብ ሰዓት አይሞላም።

ፌንጣ ሚጢን ከውሃው አንስታ በፎጣ ጠቀለለችው። በአንድ እጇ እሱን ይዛ በሌላው ጻፈች፦ «ራሴን አሞኛል ልተኛ ነው፣ ዛሬ አትምጡ።» ቆንጆ ነው አይደል? እናትየዋ አትመጣም። ፕሮፍም አትቆጣም። ፈተናው ነገ ያልፋል፣ ከዛ ቀስ ብሎ ይነገራል። ሁለት ሳምንት ይቆያል አላለችም እንዴ ሴትዮዋ? ጣቷን መላኪያው ላይ አደረገች።

«ቅቢኝ፣ ይበላኛል፣ ቅቢኝ!» ሚጢ ከፎጣው ውስጥ እጁን መንጭቆ አንገቱን ሞዠቀው። አንዷ ፈረጠች፣ ደም ወጣት። እሪ አለ።

«ቆይ! ቆይ አንዴ!» ብላ ጮኸችበት። ከዛ ራሷ ደነገጠች። አንገቱን በንጹሕ ጨርቅ ያዝ አድርጋለት፣ የእናታቸውን ካልሲ ሁለቱ እጆቹ ላይ አጠለቀችለት። እስከ ክርኑ ደረሰ። ስልኩን ስትመለከተው መልእክቱ እንደተጻፈ ቁጭ ብሏል። ሁለት ሳምንት። ፕሮፍ ለሁለት ሳምንት ከእናቷ ጋር አንድ ሶፋ ላይ፣ አንድ ብርድ ልብስ ውስጥ። ከዛ ደግሞ ሕፃን።

አጠፋችው። መጻፍ ትታ ደወለች።

«ሄሎ ፌንጥዬ፣ ደርሰናል እኮ! ዳቦ ቤቱ ጋ ነን፣ ምን ይዘን እንምጣ?»

«ፕሮፍ፣ ቁሚ። እንዳትመጡ።»

«እንዴ! ምነው?»

«ሚጢ ጉድፍ ይዞታል። ተላላፊ ነው። ለነፍሰ ጡር አደገኛ ነው ብለውኛል። እናትሽን መልሻቸው።»

«ውይ ሚጢዬ! መቼ ጀመረው?»

ይኸውልሽ፣ እዚህ ጋ «ዛሬ ጠዋት» ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር።

«ትናንት» አለች ፌንጣ።

በስልኩ ውስጥ መኪና ሲያልፍ ይሰማል።

«ትናንት… እኔ ስመጣ?»

«ከመምጣትሽ በፊት።» «ጽፌልሽ ነበር እኮ» የምትለዋ ነገር ምላሷ ጫፍ ላይ መጣች፤ ዋጠቻት። «ሽፍታ ብዬ የጻፍኩልሽ እሱን ነው። ጨዋታ እንደመሰለሽ ገብቶኝ ነበር። አውቄ ነው ዝም ያልኩሽ፣ እንዳትቀሪብኝ ብዬ። ፕሮፍ፣ አንቺ ልጅ እያለሽ ወጥቶብሽ ያውቃል?»

«እኔ እንጃ።»

ከኋላዋ እናቷ «ምን ሆኑ? ምን አለችሽ?» ስትል ተሰማች።

«ስልኩን ለእናትሽ ስጪያቸው፣ እኔ ራሴ ልንገራቸው» አለች ፌንጣ።

ስልኩ ተዘጋ።

መልሳ ደወለች፤ አይነሳም። ከመስኮቱ ዳቦ ቤቱ አይታይም፣ ግን ሄዳ አየች። ከዛ ተመልሳ አልጋው ላይ ወጣች፣ ሮዙን ቅባት በጥጥ እያስነካች ከአንገቱ ጀመረች። አንዷን ትነካለች፣ እፍ ትልባታለች፣ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ጀርባው ላይ ስትደርስ ሚጢ ማልቀሱን ትቶ ይነፋረቅ ነበር። የሒሳብ ደብተሯ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ውሃ ተረጭቶበታል። አላነሳችውም። ሚጢን በሌላኛው ጎኑ ገለበጠችው፣ ቀባች፣ እፍ አለች።

አስር ሰዓት ከሩብ ላይ ስልኳ ብልጭ አለ። ፕሮፍ የጻፈችውን ቃል በቃል እነግርሻለሁ፣ አንዲት ፊደል አልጨመርኩም፦

«እማዬ እሷም ላይ እኔም ላይ ወጥቶ እንደሆነ አላስታውስም አለች። ነገ እኔና እማዬ ሐኪም ጋ እንሄዳለን። በጣም ተናድጃለሁ፣ እንዳትደውይልኝ። ልጁ ግን እንቅልፍ ወሰደው?»