ከፋሲካ ወዲህ ያልጨመረው ቁጥር

«አባቴን ገድዬዋለሁ፤ እሰሩኝ» አለች ሄርሜላ።

ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነበር። ተረኛው ኮንስታብል ደስ እያለው ወረቀት ሳበ፤ በሥራ ዘመኑ በገዛ እግሩ የመጣ ወንጀለኛ ገጥሞት አያውቅም። ኢንስፔክተር በየነች ነገራ ግን እስክሪብቶውን ከእጁ ቀማችው።

«በምን ገደልሽው?»

«በክኒን። መጠኑን የምነግረው እኔ ነበርኩ።»

«ገዳይ ነሽ ያለሽ ማን ነው?»

«አጎቴ ጋሼ ጸጋአብ። ለቀስተኛውም ሁሉ ተቀበለው። አባቷን የገደለች አትወርስም ብሎ ለሽማግሌዎቹም ነግሯቸዋል።»

«ሬሳው ሳይቀበር?» አለች በየነች። ለለቀስተኛ ፍርድ ያላት ግምት ዝቅተኛ ነበር። በሃያ ዓመት ሥራዋ ለቅሶ ቤት ውስጥ እውነት ሲነገር የሰማችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ የተናገሩት ሕፃናት ነበሩ።

ሟቹ አቶ ፍቅርተማርያም መቱ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ ይነግዱ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ልባቸው ውስጥ የብረት በር ተገጠመላቸው። ከዚያ ወዲህ ደም የሚያቀጥን ክኒን በየቀኑ ይውጣሉ፤ ካነሰ ደሙ በብረቱ ላይ ይረጋል፣ ከበዛ ደግሞ ሰውየው ውስጥ ለውስጥ ይደማል። ሁሩሙ ከተማ ሒሳብ የምታስተምረው ልጃቸው ሄርሜላ መዳፍ የምታህል መለኪያ አስመጥታ፣ አባትና ልጅ አብረው ተማሩ። ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት ጣታቸውን ይወጋሉ፣ ቁጥሩን ደብተር ላይ ይጽፋሉ፣ ይደውሉላታል። ቁም ሣጥኑ ላይ በእጇ የጻፈችው ሠንጠረዥ ተለጥፏል፦ ከ2.5 እስከ 3.5 ከሆነ ባለበት ይቀጥል፤ ከዚያ ካለፈ ግማሽ ክኒን ይቀነስ፤ ከ5 ካለፈ ክኒኑ ቆሞ ወደ ሆስፒታል።

«ባለፈው ረቡዕ ስንት ነበር?»

«2.8። ባለበት ይቀጥል አልኩት። ዛሬ ንጋት ላይ ወድቆ ሆስፒታል ውስጥ ሞተ።»

በየነች ለሐኪሙ ደወለች።

«ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሷል» አላት። «ደሙ ውሃ ሆኗል። መርፌ የወጋንበት እንኳ አልቆም ብሎ ነበር።»

«ረቡዕ 2.8 የነበረ ደም ዓርብ እንዲህ ይሆናል?»

«አይመስለኝም።»

ለቅሶ ቤት ስትደርስ ጸጋአብ ድንኳኑ በር ላይ በጥቁር ኮት ቆሞ ነበር። የሟች ታናሽ ወንድም ነው። ከአርባ አምስት ዓመቱ አብዛኛውን የወንድሙን እንጀራ ሲበላ ኖሯል፤ ይህ ግን ለታላቁ ያለውን ንቀት አልቀነሰለትም።

«ምን አደከመዎት ኢንስፔክተር?» አላት። «አስተማሪ ሐኪም ልሁን ስትል ይኸው ነው። በዚች መጫወቻ ደም ሲለካኩ ጨረሰችው።» መለኪያዋን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ሰጣት። «እሷም ተበላሽታለች።»

በየነች ቁልፉን ተጫነች፤ አልበራም። ከጀርባ ከፈተችው። ባትሪ የለባትም። ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት።

«ረቡዕ ሲለኩ አብረዋቸው ነበሩ?»

«እኔ? እንዲህ ያለ ቂልነት ውስጥ የለሁበትም። ብቻውን ነው የሚለካው።»

ደብተሩን ገለጠች። ሁለት ዓመት ሙሉ ቁጥሮቹ መስመሩን ይዘው ተሰልፈዋል። የመጨረሻዎቹ ሦስት ግን፣ 2.8፣ 2.9፣ 2.8፣ በሟቹ እጅ ቢጻፉም መስመሩን ለቀው ወደ ላይ ወጥተዋል። ጓሮ ወጣች። ቧንቧው ሥር የተጣሉትን መፋቂያዎች አንድ ባንድ አነሣች፤ ጫፋቸው ሁሉ ቡናማ ደም የደረቀበት ነው።

የሟቹን ባለቤት እትዬ ሸዋን ኩሽና በር ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«ድዳቸው ይደማ ነበር እትዬ?»

«ሁለት ሳምንት ሆነው። ጸጋአብ፣ እንጨቱ ነው ቀይር አለው።»

«ረቡዕ ጠዋት እርስዎ የት ነበሩ?»

«ሱቅ የምከፍተው እኔ ነኝ። ቤት የሚቀሩት ወንድማማቾቹ ናቸው።»

«ሰሞኑን ጎመን ይበሉ ነበር?»

«ምን ጎመን? ሃምሳው ቀን እኮ ነው፤ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። ሁዳዴን ሙሉ ጎመን ሲበላ ከርሞ፣ ከፋሲካ ወዲህ ጎመን ቤቴ አልገባም።» ድምፃቸውን ቀነሱ። «የሁሩሙን የቡና መሬት በሄርሜላ ስም ላዛውር ነው ብሎ ለወንድሙ የነገረውም በፋሲካ ዕለት ነው።»

ከመንገዱ ማዶ መድኃኒት የሚሸጠው ሚፍታህ ሳትጠይቀው ክኒኑን አወጣ።

«ማሎ፣ እባክዎ ኢንስፔክተር፣ ያንኑ አምስት ሚሊግራም ነው የሸጥኩላቸው፤ እንደ ሁልጊዜው። ለጉልበታቸው ማስታገሻ ጠይቀውኝ እንኳ ከልክያቸዋለሁ፤ ያደማል።»

ያለው ከሟቹ ቤት ካመጣችው የክኒን ሣጥን ጋር ገጠመ። «ጋሼ ፍቅርተማርያም መነጽር አልነበራቸውም?» አለችው።

«በፋሲካ ማግስት ተሰበረ። ጸጋአብ ላሠራው ብሎ ወሰደው። መነጽር የሚጠግነው ጎረቤቴ ግን ዓይኔ አላየውም ይላል።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኮንስታብሉን በር ላይ አቁማ፣ ሄርሜላን፣ ጸጋአብን፣ እትዬ ሸዋንና ሚፍታህን ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ሄርሜላ በሩ ሥር ተቀመጠች፤ የተፈረደበት ሰው አቀማመጥ ነበር።

«ሄርሜላ፣ በጾም አባትሽ ስንት ይውጥ ነበር?»

«አንድ ተኩል። ጎመን ክኒኑን ያደክመዋል፤ ስለዚህ በጾም እንጨምራለን። ጾም ሲፈታ ጎመኑ ይቆማል፣ ቁጥሩ ይወጣል፣ ያኔ ወደ አንድ እንመልሰዋለን።»

«አምና እንደዚያ ሆኗል። ከፋሲካ በኋላ 3.9 ተጽፏል፣ ግማሽ ተቀንሷል። ዘንድሮስ?»

«አልጨመረም። ገርሞኝ ነበር። ጎመኑን አላቆመ ይሆናል ብዬ... መጠየቅ ነበረብኝ።»

«ጎመኑ ቆሟል። ክኒኑ ያው አንድ ተኩል ነው። ድዱ ይደማል። ቁጥሩ ብቻ ንቅንቅ አላለም። ደም አይዋሽም፤ ስለዚህ የዋሸ ሰው አለ። ጽሑፉ የአባትሽ ነው፤ ግን መስመሩን ስቷል፣ ያለ መነጽር ነው የጻፈው። መስመሩን ያላየ ሰው በዚች መለኪያ መስኮት ያለውን ቁጥር አያይም። ሌላ ሰው አንብቦለታል።» ወደ ጸጋአብ ዞረች። «ኮትህን ፈትሽ።»

አንቱታው መቅረቱን ሁሉም ሰማ። ጸጋአብ አልተንቀሳቀሰም፤ ሚፍታህ እጁን ሰዶ ከደረት ኪሱ እግሩ የተሰበረ መነጽር አወጣ።

«መነጽር መርሳት ወንጀል ሆነ?» አለ ጸጋአብ። «ምን ማስረጃ አለሽ?»

«የናቅሃት መጫወቻ አለችኝ። ባትሪዋን ስታወጣ የምትረሳ መስሎህ ነበር።» የቴሌቪዥኑን ሪሞት ከፍታ ሁለቱን ባትሪዎች መለኪያዋ ውስጥ ከተተች። በራች። «አንድ ደቂቃ ወስደህ ብትማር፣ የለካችውን ሁሉ እንደምታስታውስ ታውቅ ነበር። በል አንብብ። ማንበብ ሥራህ አልነበር?»

እትዬ ሸዋ ተነሥተው መለኪያዋን ተቀበሉና በዝግታ አነበቡ።

«አራት ነጥብ ስድስት። አምስት ነጥብ ዘጠኝ። ሰባት ነጥብ ሁለት።»

«ሦስቱም ረቡዕ ነው» አለ ሚፍታህ ቀኑን በትከሻቸው በኩል አይቶ።

«ሌባ እንኳ አጥር ይዘላል» አለች በየነች። «መርዝ የሚሰጥ ሰው ቢያንስ መርዙን ይዞ እጁ ይንቀጠቀጣል። አንተ ወንድምህ አጠገብ ተቀምጠህ፣ አምኖህ ሲጽፍ እያየህ፣ ሦስት ቁጥር ብቻ ተናገርክ። ከዚያ ልጁን ገዳይ አልካት። ይህን ያህል ሰነፍ ነፍሰ ገዳይ አይቼ አላውቅም።»

«በሚቀጥለው ሳምንት ቁጥሩ መውጣቱን ያቆማል እያልኩ ነበር...» አለ ጸጋአብ፤ የሚለውን ሳይጨርስ ኮንስታብሉ ካቴናውን አጠለቀለት። ጠዋት አትወርስም ሲባል ራሳቸውን የነቀነቁት ሽማግሌዎች ድንኳኑ ውስጥ አሁንም ነቀነቁ፤ ለእነሱ አንገት መቼም ሥራ አይጠፋም።

ሄርሜላ እስክሪብቶ ለመነች። ደብተሩን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ሦስቱን ጠማማ ቁጥሮች ለመሰረዝ አሰበች፤ ከዚያ ተወችው። የአባቷ እጅ የጻፈውን ሳትነካ ከጎኑ እውነተኛዎቹን ጻፈች፦ 4.6፣ 5.9፣ 7.2። ከመጨረሻው ትይዩ፣ ሠንጠረዡ እንደሚያዝዘው፣ «ክኒኑ ይቁም፣ ሆስፒታል ሂድ» ብላ ጨመረች፤ ያኔ ነው ከጠዋት ጀምሮ ያልመጣላት እንባ የመጣው።