በቀርከሃ ዘንግ ላይ የተሰቀለ ትዳር

ይህ ታሪክ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው እውነት ነው። ከዋሸሁ ምላሴን የሜኮንግ ወንዝ ዓሦች ይከፋፈሉት።

ጀልባ ለጀልባ በሚገበዩበት የወንዙ ገበያ ማንም እየጮኸ አይሸጥም፤ የሚሸጠውን ጀልባው ላይ በተተከለ የቀርከሃ ዘንግ ጫፍ ይሰቅላል። ዱባ የሰቀለ ዱባ ይሸጣል። የተሰጣ ልብስ ግን ልብስ ነው፤ ማንም ዋጋ አይጠይቅበትም። የዘንባባ ቅጠል የሰቀለ ደግሞ የሚሸጠው ጀልባውን ራሱን ነው።

ሚየንና ባሏ ሃው አናናስ ነጋዴዎች ናቸው። ሃው በጎረምሳነቱ በየማለዳው እየቀዘፈ መጥቶ ከእሷ አንድ አናናስ ይገዛ ነበር። ከጀልባዋ ትወረውርለታለች፣ ይቀልባል፣ ዓይን ለዓይን ይጋጫሉ። አናናስ ምላሱን እንደሚልጠው የነገራት ከሠርጉ በኋላ ነው።

«ታዲያ ያን ሁሉ አናናስ ምን አደረግኸው?» ብትለው፣

«አሳማችንን ጠይቂው። በፍቅር ነው እንዲያ የወፈረው» አላት።

ከዚያ ለጀልባቸው ሞተር ገዙ። ጩኸቱ ከወንዙ ማዶ የተቀበረ ሰው ይቀሰቅሳል። ከእሱ በላይ ለመደማመጥ መጮህ ጀመሩ። ክፋቱ፣ ሞተሩ ሲጠፋም መጮሃቸውን አልተዉም። «ጨው አቀብዪኝ» እንኳ እንደ ስድብ ይሰማ ጀመር።

አንድ ማለዳ ባረረ ሩዝ ተነስተው እስከ አማት ስድብ ደረሱ። ከዚያ ተኮራረፉ። ሚየን አጎንብሳ አናናስ ስትደረድር ቆይታ ቀና ብትል፣ ከዘንጉ ጫፍ የዘንባባ ቅጠል ይወዛወዛል። የሰቀለው ሃው ነው።

የተሞሸረችው በዚህ ጀልባ ላይ ነው። «ሰለቸሁት፤ ሸጦ ሊተወኝ ነው» አለች በልቧ። አልጠየቀችውም። የሃውን ሱሪ አንስታ ከቅጠሉ አጠገብ ሰቀለች፤ አይሸጥም ማለቷ ነው። እሱ ቅጠሉን ከፍ አደረገው። እሷ ሸሚዙን ጨመረች። እሱ ሌላ ቅጠል፤ እሷ የውስጥ ሱሪውን። ዘንጉ ጎብጦ ወንዙን ሊጠጣ ደረሰ፤ ሁለት ሽመላዎችም ጎጆ ሊሠሩበት መጡ።

ሾርባ ሻጯ እማማ ቤይ ጀልባቸውን አስጠጉና፣ «ሚየን ልጄ፣ ሱሪው ከነባለቤቱ ስንት ነው?» አሉ።

«ይውሰዱት እማማ፣ በነፃ ነው!»

«ይቅርብኝ፤ እንዲህ ያለው እቤትም አለኝ።»

ገበያው በሳቅ ተናጋ። ሃው እስከ ጆሮው ቀላ።

ሳቁ ሳይበርድ፣ ባርኔጣውን እስከ አፍንጫው የደፋ አንድ መንገደኛ ጀልባቸው ላይ ዘሎ ወጣ። «ገዢ ነኝ። እስቲ ሞተሩን አስነሳውና ልስማው» አለ። ሃው አስነሳ። ሚየን ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች፤ እንባዋን ማንም እንዲያይባት አልፈለገችም።

«ለምንድነው የምትሸጠው?» ብሎ ጮኸ ገዢው።

ሃው ባለ በሌለ ኃይሉ ሲመልስ፣ ሞተሩ በራሱ ጊዜ ቀጥ አለ። የሃው ድምፅ ብቻውን ወንዙ ላይ ቀረ፦

«...ወገቧን ያማታል! ተደብቃ ስታሸው አያታለሁ! የብስ ላይ ቤት ልፈልግላት ነው!»

ሚየን ዞረች።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለች፣ ቀስ ብላ።

«ስነግርሽ ትጮሂያለሽ።»

«አንተስ አትጮህም?»

ሃው እግር እግሩን አየ። «እጮሃለሁ» አለ።

«የሰለቸሁህ መስሎኝ እኮ ነው።»

«አንቺን? ለአንቺ ብዬ ምላሴ የተላጠ ሰው ነኝ።»

ሳቀች፤ ሳቋ ከእንባዋ ጋር ተደባለቀ።

«በጣም ያምሻል?» አላት።

«ሳጎነብስ ነው። ጀልባው ምን አደረገኝ? መደርደሩን አንተ ያዝልኝ፤ መሪውን እኔ እይዛለሁ።»

«ይኸው ነው? ብትነግሪኝ ኖሮ...»

«መቼ ጠየቅከኝ?»

«ይኸው አሁን ጠየቅኩሽ።»

ሃው ተነስቶ ቅጠሎቹን በገዛ እጁ አወረደ። ሱሪው ግን እንደተሰቀለ ዋለ።

ዛሬም ይጣላሉ። ነገር ግን የተናደደ ሞተሩን ያጠፋል። አንዱ እየቀዘፈ ይናገራል፣ ሌላው እስኪጨርስ ያዳምጣል፤ ከዚያ መቅዘፊያውን ይቀባበላሉ። ጭቅጭቁ ሳያልቅ ማታ ጀልባቸውን ከሚያስሩበት ዳርቻ ከደረሱ አንድ ዙር ይደግማሉ።

በየአዲስ ዓመቱ ሞተሩን አጥበው ቢጫ አበባ ያስሩለታል፣ ምርጧን አናናስ ፊቱ አስቀምጠው ጎንበስ ይላሉ። «ያን ቀን ባትጠፋ ኖሮ ባሌን አጥቼው ነበር። እናመሰግናለን» ትለዋለች ሚየን።

እንግዲህ ስለማልኩ አንዲት ነገር ላስተካክል። ሽመላዎቹ እውነት ናቸው። ሞተሩ በራሱ ጊዜ ጠፋ ያልኩት ግን የፈጠርኩት ነው። ያጠፋው የገዢው እጅ ነበር፤ ገዢው ደግሞ ጀልባ ቀርቶ መቅዘፊያ የሚገዛበት ቤሳ ቤስቲን አልነበረውም። ባርኔጣው እስከ ዛሬ እኔ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ምስጋናውን ሞተሩ ይውሰደው፤ ደስ ብሎኛል። አናናሷ ግን ለእኔ ነበር የምትገባው።