የደመና ጠሪዋ ልጅ

በሐመልያ መንግሥት ዝናብ እንደ ሌላው አገር በራሱ ጊዜ አይመጣም ነበር። ከቤተ መንግሥቱ ጀርባ ባለው አሮጌ ዝግባ ላይ ደመና ጠሪ የምትባል አንዲት ታላቅ ወፍ ትኖራለች፤ ክረምት ሲቃረብ ክንፏን ዘርግታ ትዘምራለች፤ ደመናም ድምፅዋን ሰምቶ ከአራቱም ማዕዘን ይሰበሰባል። ዜማውን እናት ለልጇ ታስተምራለች እንጂ ከሌላ የሚማሩት አልነበረም። ስለዚህ የሐመልያ ሰው ሲምል «ደመና ጠሪን!» ብሎ ነው የሚምለው።

ንጉሥ አርዳን በነገሠ ማግስት ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ መብረቅ ወርዶ ዝግባውን መታው። ሊቃውንቱ ምልክቱን ተርጉመው ሳይጨርሱ ከጎጆው አንድ ጫጩት ተወርውሮ ሳልሂት ፊት ወደቀ። ሳልሂት ለንጉሡ ጦር ጋሻ የምትሰፋ ወጣት ናት፤ እናትና አባቷን ቸነፈር ወስዶባት ከቆዳና ከወስፌ በቀር ዘመድ አልነበራትም። ጫጩቱ ላባ ያላወጣ፣ አፉ ከገላው የሚበልጥ ፍጡር ነበር፤ ቁንጅና የሚባል አልደረሰበትም። ግን ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እሷም ሳታስብ አነሣችው።

«ነካችው!» ብሎ አደባባዩ ጮኸ።

የሐመልያ ሊቃውንት ስለ ወፍ የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱንም ተሳስተው ነው የሚያውቁት። የሰው እጅ የነካውን ጫጩት እናቱ ጠረኑን አሽትታ ትገድለዋለች ይላሉ። ሕጉም ጫጩቱን የነካ ሰው እናት ይሁነው ይላል። ሳልሂትን በንጉሡ ፊት አቆሟት፤ አውራ ጣቷን ማር ውስጥ ነከሩት፤ ጫጩቱም ማሩን ከጣቷ ላይ ላሰ። በዚህ ወግ የጡት ልጇ ሆነ። እሷም ቀኝ እጇን አንሥታ ማለች።

«ደመና ጠሪን! ይህ ልጄ ነው። አስርቤ ብተወው ረሃብ ይብላኝ፤ በእጄ ብመታው እጄ ይድረቅ!»

በሐመልያ መሐላ እንዲያው ከአፍ ወጥቶ የሚቀር ነገር አይደለም፤ ይይዛል።

ከሰዓት በኋላ እናቲቱ ደመና ጠሪ መጣች። በቤተ መንግሥቱ ጣራ ላይ እየዞረች ትጣራ ጀመር። «ልትገድለው መጣች!» ተባለ፤ ንጉሡም የነጋሪት መቺዎቹን አለቃ አባ ቀንዴን «ምታ!» አለው። አባ ቀንዴ ጣራው ላይ ወጥቶ መታ። ወፊቱ ደንግጣ ትሄዳለች፤ ደግሞ ትመለሳለች፤ ነጋሪቱም ደግሞ ይመታል። በመጨረሻ ደክሟት የነፋስ ደጅ ወደሚባለው ተራራ በረረችና በዚያው ቀረች። ሕዝቡ እልል አለ። እንደዚያ ቀን ያለ የቂል እልልታ በሐመልያ ተሰምቶ አያውቅም።

ሳልሂት ልጇን ጠል ብላ ጠራችው። አንበጣ አሳድዳ ትይዝና አድቅቃ ታጎርሰዋለች። ጉርሻው ሲያልቅ ይጮሃል፤ ሳያልቅም ይጮሃል። ሲመሽ ጉያዋ ገብቶ ይተኛል፤ እሷም ልቡ ሲመታ በጣቶቿ እያዳመጠች እንቅልፍ ይወስዳታል። ላባ ሲያወጣ ደግሞ ጥጋብ መጣ፤ ጋሻ ስትሰፋ ጅማቱን ከመርፌው መዞ ይሮጣል። ጠጠር ስትወረውርለት በምንቃሩ ለቅሞ ይመልስላታል፤ ይህን ጨዋታ ከምግቡም አስበልጦ ይወደው ነበር።

«የሳልሂት ልጅ መራመድ ጀመረ ወይ?» እያሉ ጎረቤቶቿ ያሾፉባታል።

«ጀመረ፤ የናንተንም አውራ ዶሮ ገርፎ መጣ» ትላቸዋለች።

ከዚያ በፊት ሳልሂት ቤቷ ስትገባ የምታናግረው ሰው አልነበራትም። አሁን ግን ገና ከደጅ ኮቴዋን ሰምቶ የሚጮህላት አለ። እውነቱ ይነገርና፣ ደስተኛ ነበረች።

ክረምቱ ግን ጠሪ አጥቶ ቀረ። ወንዙ ጎደለ፤ ከብቱ አለቀ፤ እናቶች ለልጆቻቸው ውኃ በቅምጫና መስፈር ጀመሩ። ጠል አደገ እንጂ አልዘመረም፤ የሚያውቀው የሳልሂትን ፉጨት ብቻ ነበር። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አባ ቀንዴ መጥቶ ደጇ ላይ ቆመ።

«ልጄ ሳልሂት፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ካልነገርኩሽ ሆዴን በልቶ ይጨርሰኛል።»

«ይግቡ አባቴ፤ ምን ሆነው ነው?»

«ያን ጊዜ ጣራው ላይ ሆኜ ስመታ ወፊቱ በአጠገቤ አልፋ ነበር። በአፏ ትል ይዛለች። እስቲ ንገሪኝ፤ ሊገድል የመጣ ስንቅ ይዞ ይመጣል?»

ሳልሂት ወስፌዋን አስቀመጠች። ጠል እግሯ ሥር ቁጭ ብሎ የቀሚሷን ጠርዝ ይጎትታል።

«ልታጎርሰው ነበር የመጣችው» አለች።

«ልታጎርሰው ነበር። እኔ ግን አባረርኳት።»

ነገሩ ለንጉሡ ደረሰ። ንጉሥ አርዳን ሞኝ እንጂ ክፉ አልነበረም፤ ከዙፋኑ ወርዶ በፊቷ ቆመ።

«ሳልሂት ሆይ! ልጅሽን ለእናቱ አድርሺ። ዜማውን ሳይማር እሷ የሞተች እንደሆነ ሐመልያ ለዘላለም ትደርቃለች። ከሠራዊቴ የወደድሽውን ያህል ውሰጂ!»

«ንጉሥ ሆይ፣ ሺህ ዓመት ይንገሡ! ሠራዊት ካየች ትሸሻለች። አባ ቀንዴ ይበቃኛል» አለች። ስለ ራሷ ልብ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ የጠየቃትም አልነበረም።

ወደ ነፋስ ደጅ የሚወስደው መንገድ በጥላ በሎች ሸለቆ ያልፋል። ጥላ በል ፊቱ የዝንጀሮ፣ ገላው የነብር የሆነ አውሬ ነው፤ የሰውን ጥላ ከእግሩ ሥር እየነከሰ ይበላል፤ ጥላው ያለቀበት ሰውም ቆሞ ሳለ ይሞታል። ጥላ በሎች የሚፈሩት የነጋሪት ድምፅ ብቻ ነው። ሁለቱ መንገደኞች ሸለቆውን ጨርሰው ዳገቱ ሥር ሲደርሱ አውሬዎቹ ከየዋሻው ወጡ። አባ ቀንዴ ነጋሪቱን መታ፤ አፈገፈጉ። እጁን ባሳረፈ ቁጥር ግን ይቀርባሉ።

«ነጋሪት እየመታሁ ተራራውን ብወጣ እናቲቱን ደግሜ አባርራታለሁ» አለ። «እኔ እዚህ እቆማለሁ። አንቺ ሂጂ።»

«አባቴ፣ ክንድዎ እስከ መቼ ይችላል?»

«አንቺ እስክትርቂ ድረስ ይችላል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የኔ ጉዳይ ነው። ያችን እናት ግን ይቅርታ በይልኝ።»

ጉልበቱን ስማ ዳገቱን ተያያዘችው። ጠል ከኋላዋ ዱብ ዱብ ይላል። የነጋሪቱ ድምፅ ብዙ መንገድ ሸኛት፤ ከጫፉ ሳትደርስ ግን ጸጥ አለ። ሳልሂት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ጠልም ምንቃሩን ጉንጯ ላይ አስጠጋላት።

እናቲቱን ከተራራው ጫፍ፣ ከገደሉ ማዶ ካለ ዐለት ላይ አገኟት። ከስታ ነበር፤ ግማሽ ላባዋ ረግፏል። ጠልን ስታይ ተነሥታ ቆመችና ተጣራች። ጠል አንገቱን ቀና አደረገ፤ ጥቂት ተራመደ፤ ከዚያ ተመልሶ ሳልሂት ቀሚስ ሥር ገባ። ሳልሂት ወደ ኋላ ስትሸሽ ይከተላታል፤ ስትደበቅ ፈልጎ ያገኛታል። ሰው ካለበት ደግሞ እናቲቱ አትቀርብም። ነጋሪቱ ያስተማራት እንዲህ ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተስፋ ቆርጣ ለመሄድ ክንፏን ዘረጋች።

ያን ጊዜ ሳልሂት ማድረግ ያለባት ነገር ገባት፤ ባይገባት በወደደች። ጠል እሷን ካልፈራ ከእናቱ ጋር አይሄድም።

ጠጠር አነሣችና አጠገቡ ወረወረች። «ሂድ!»

ጠል ደስ አለው። ጠጠሩን በምንቃሩ ለቅሞ እየሮጠ መጣና መዳፏ ላይ አኖረላት።

«ልጄ፣ ምን ላድርግህ?» አለች እያለቀሰች። «ያቻትና እናትህ። እኔን ጥላኝ፤ በሞቴ፣ ጥላኝ!» በዚያው ጠጠር ክንፉን መታችው።

ቀኝ እጇ ከጣቶቿ እስከ ክርኗ ደርቆ እንጨት ሆነ። ሳልሂት ያን ከቁብ አልቆጠረችውም፤ የምታየው ጠልን ነበር። ጠል የተመታውን ክንፉን ሰብስቦ ቆመ፤ ደግሞም አንድ እርምጃ ወደ እርሷ መጣ። በግራ እጇ ሌላ ድንጋይ አነሣች። አሁን ፈራት። ዞሮ ሮጠ፤ ከገደሉም ጫፍ ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ። ሲወላገድ እናቲቱ ከሥሩ ገብታ በጀርባዋ ደገፈችው፤ ሁለቱም ዐለቱ ላይ ዐረፉ። ሳልሂት የአባ ቀንዴን ይቅርታ ከማዶ ሆና ጮክ ብላ ተናገረች፤ ሰሙም አልሰሙ፣ አደራ ነው።

ጎህ ሲቀድ እናቲቱ ዘመረች፤ አንድ ሌላ ያልጠና ድምፅም ተከተላት። ደመናው ተሰበሰበ። ፀሐይ ስለ ተጋረደች ጥላ የሚባል ጠፋ፤ ጥላ በሎቹም የሚበሉት አጥተው ዋሻቸው ገቡ። ሳልሂት አባ ቀንዴን ነጋሪቱን ተደግፎ አገኘችው። ዝናብ እየወረደባት በግራ እጇ አፈር አለበሰችው።

ሐመልያ አረንጓዴ ለበሰች። ንጉሡ በሕዝቡ ፊት ተነሥቶ «ሳልሂት ሆይ! አገር አዳንሽ፤ ምን ልስጥሽ?» አላት።

«ጫጩት ወድቆ የተገኘ እንደሆነ ወደ ጎጆው ይመለስ፤ እናቱም በነጋሪት አትባረር። ይህ ይታወጅልኝ» አለች። ታወጀ። እሷ ግን በአንድ እጅ ጋሻ መስፋት ስለማይሆንላት ከሥራዋ ቀረች።

ከዚያ ወዲህ ክረምት ሲቃረብ ጠል ከእናቱ ጋር ከተማው ላይ መጥቶ ይዘምራል፤ ሕዝቡም ልጆቹን በትከሻው ተሸክሞ ሊያየው ይወጣል። በመጀመሪያው ዓመት ሳልሂትም አምራ ለብሳ ወጥታ ነበር። ጠል በዜማው መካከል ሳለ ዓይኑ እሷ ላይ ዐረፈ፤ ድምፁ ተቆረጠ፤ እየጮኸ ሸሸ፤ ደመናውም ተበተነ። ሕዝቡ ምን እንዳስደነገጠው አላወቀም። እሷ ግን አወቀች።

አሁን የዜማው ቀን ሲደርስ ጎረቤቶቿ በሯን ያንኳኳሉ። «ሳልሂት! ነይ ውጪ እንጂ፣ ልጅሽ መጣ!» ይሏታል።

«እሰማዋለሁ፤ እናንተ እዩልኝ» ትላቸዋለች፤ ተነሥታም መስኮቱን ትዘጋለች።