ያልተጉመጠመጠ አፍ

መርማሪው ሬሳ አይፈራም፤ የሚፈራው ሽታ ነው። ከሌላው ሰው ቀድሞ ስለሚያሸት ባልደረቦቹ «አፍንጫው» ይሉታል፤ ከሌላው ቀድሞ እንደሚያቅለሸልሸው ግን ለማንም አይናገርም። በአንድ የቤት ዕቃ ሠሪ ሳሎን ውስጥ የሰውየው ሬሳ አጠገብ ተንበርክኮ፣ መሐረቡን አፍንጫው ላይ ለጥፎ የሟቹን ከንፈር ገለጠ። ለዓመታት የመገለ ድድ ነው። ጥርሶቹ ሥራቸው ገጥጦ ረዝመዋል። ከታች በቀኝ በኩል ድዱ በጥቁር ክር ገና መሰፋቱ ነው፤ በስፌቱ መሀል የረጋው ደም እንደ ማርማላታ ተቀምጧል። በግራ በኩል፣ ከመጨረሻው ጥርስ ጀርባ፣ ነጭ ነገር ተለጥፏል። ሥራውን እየረገመ ጠጋ ብሎ አሸተተ። እርጎ ነው።

መታጠቢያው ላይ ክዳኑ የተከፈተ የአፍ መጉመጥመጫ መድኃኒት ነበር፤ ከፍ ያለ የናና ሽታ አለው። ከሟቹ አፍ ግን፣ ከዚያ ሁሉ ክርፋት መሀል፣ ናና የሚባል ነገር አልሸተተም።

ሐኪሞች ሬሳውን መረመሩት፤ ሰውየው የሞተው በተባይ ማጥፊያ ነው። ያው መርዝ መጉመጥመጫው ውስጥም ተገኘ። ለአለቃው ነገሩ በዚሁ አበቃ፦ ጠርሙሱን የሰጠችው በዚያው ቀን ድዱን ያከመችው የጥርስ ሐኪም ናት፣ ክሊኒኳ በዚያው ሳምንት የበረሮ መድኃኒት አስረጭቷል፣ ተዝረክርካ ቀላቅላለች። ክሊኒኩ ታሸገ፤ እሷንም ክስ ይጠብቃት ጀመር።

«ድዱን ምን አደረጉት?» ሲል መርማሪው ጠየቃት።

«ከፈትኩት። ድድ ሲታመም ከጥርሱ ይላቀቅና ኪስ ያበጃል። እዚያ ውስጥ ቆሻሻው እንደ ድንጋይ ይጋገራል፤ ብሩሽ አይደርስበትም። መጀመሪያ ሳልቀድ ጠርጌለት ነበር፣ አልበቃም። ስለዚህ አደነዘዝኩት፣ ድዱን ገልጬ ሥሩን ፋቅሁ፣ መልሼ ሰፋሁት። በሽታው አጥንቱን እየበላው ነበር።»

«መጉመጥመጫውስ?»

«ከነገ ጀምሮ ነው ያልኩት። በመጀመሪያው ቀን በኃይል የተጉመጠመጠ ሰው የረጋውን ደም ያጥበዋል፣ ቁስሉም እንደገና ይደማል። ማን ያምነኛል እንጂ።»

ሚስትየዋ ባሏ ከሕክምና ሲመለስ እርጎ አዘጋጅታለት ማስታገሻ ልትገዛ ወጥታ ነበር። ስትመለስ ወድቆ አገኘችው። ለብዙ ዓመት ሌላ ክፍል እንደምትተኛ አቀርቅራ ተናገረች። አልጋዋ ላይ ግን ሁለት ትራስ ነበር። አንዱን ሟቹ ራሱ፣ ወደ ክሊኒክ ከመሄዱ በፊት፣ አምጥቶ እንዳኖረው ስትናገር ፊቷን አዞረች።

ሟቹን ከክሊኒክ ያመጣውን ታናሽ ወንድሙን መርማሪው የቤት ዕቃ ሱቃቸው ውስጥ አገኘው። ከረባት አስሯል፣ ሽቶው ከበር ይቀበላል። ከኋላ፣ ወርክሾፑ ውስጥ፣ አናጢዎቹ የእንጨት ነቀዝ ማጥፊያ ይቀባሉ። እነሱ እንደነገሩት፣ ደንበኞች የታላቅየውን አፍ ሽታ ሲሸሹ ነው ታናሽየው ከመጋዙ ተነሥቶ ደንበኛ ሊያስተናግድ ወደ ሱቁ የመጣው። ታላቅየው ደግሞ በቅርቡ፣ «ድዴ ይዳን እንጂ ደንበኞቼን ራሴ ነኝ የማስተናግዳቸው፤ አንተ ወደ መጋዝህ» ብሎት ነበር።

በማግስቱ መርማሪው ሁሉንም በሟቹ ሳሎን ውስጥ ሰበሰባቸው። አለቃው በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል።

«እስቲ ያዩትን ይድገሙልን» አለው ታናሽየውን።

«ጋሼን ከክሊኒክ አመጣሁት። ምንም ሳይቀምስ መጉመጥመጫውን ጠየቀኝ። ተጉመጠመጠ፣ ተፋ፣ ወደቀ።»

«እንዴት አድርጎ ተጉመጠመጠ?»

ታናሽየው ጉንጩን ነፍቶ ከግራ ቀኝ አንገጫገጨው፤ የሱ ጤነኛ አፍ ሁልጊዜ ማለዳ እንደሚያደርገው። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

«ዶክተር፣ ያ ስፌት እንዲህ ቢታጠብ የረጋው ደም በቦታው ይቆያል?»

«አይቆይም» አለች ሐኪሟ።

«ቦታው ላይ ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ። የናና ሽታም አልነበረም። ሟቹ የሐኪሟን ቃል አክብሯል፤ አልተጉመጠመጠም። ምንም አልቀመሰም ላሉትም፣ በግራ ጥርሱ በኩል እርጎ ነበር። ተጉመጥምጦ ቢሆን ይጠራ ነበር። ሆዱ ውስጥም መርዙ የተገኘው ከእርጎ ጋር ነው። ምላሱ ገና ደንዝዞ ስለነበር ምሬቱን አልለየውም። እመቤቴ፣ የእርጎው ብርጭቆ የት ነበር?»

ሚስትየዋ ቀስ ብላ ወደ ታናሽየው ዞረች። «ታጥቦ ተደፍቶ ነበር» አለች። «እሱ በዚህ ቤት ብርጭቆ አጥቦ አያውቅም።»

«እሷ ስትወጣ እቤት የቀራችሁት እርስዎና ሟቹ ብቻ ናችሁ» አለ መርማሪው ታናሽየውን እያየ። «ከወርክሾፑ ያመጡትን ነቀዝ ማጥፊያ በእርጎ አበሉት። ከዚያ ነገሩ በዶክተሯ ይላከክ ብለው የተረፈውን ጠርሙሱ ውስጥ ጨመሩ። ጥርሱን የታከመ ሰው ሁሉ ወዲያው የሚጉመጠመጥ መስሎዎታል። የተቀደደ ድድ ግን እንደዚያ አይደለም።»

ታናሽየው ከረባቱን ላላ አደረገ። «እኔ ተመልሼ መጋዝ አልጨብጥም» አለ፤ የሚያስተባብል እንኳ አልመሰለም። አለቃው ሰዓቱን ማየት ትቶ እጁን ያዘው።

ሚስትየዋ ሐኪሟን ጠየቀቻት። «ይድን ነበር?»

«ይድን ነበር። ሽታውም ይጠፋ ነበር።»

«ወንድሙ ግን፣ በሽታው አይድንም፣ ሐኪም ጥርሱን ነቅሎ ይጨርሰዋል እንጂ፣ እያለ ለሁለታችንም ሲነግረን ኖረ» አለች ሚስትየዋ። «እኔም አምኜው ባሌን ተጸየፍኩት።» ከዚያ ሁለቱ ትራሶች ወዳሉበት ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች።

መኪናው ውስጥ ታናሽየው መርማሪው አጠገብ ተቀመጠ፤ ሽቶው እንደ ሱቁ ሁሉ መኪናውንም ሞላው። መርማሪው መሐረቡን ፈልጎ አወጣ። ያን ቀን በሟቹ ላይ አፍንጫውን በመያዙ አፈረና መልሶ ኪሱ ከተተው፤ መስኮቱንም እስከ መጨረሻው ከፈተ።