አሮጌው መርፌ

«ልጆቼ፣ የተማሪዎቼ ሥራ በሙሉ ጠፍቷል። ዛሬ ጠዋት የላካችሁትን እርማት ጫንን፤ ከዚያ በኋላ ፋይሎቹ የሉም። ሌላ ቅጂ የለንም። መልሰን የምናገኝበት መንገድ ይኖራል ወይ?»

ሚጣ ከማታውቃቸው መምህር የመጣውን ይህን መልእክት ያነበበችው በአክስቷ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው፤ አንድ ሰውዬ መታወቂያውን በሁለት በኩል ኮፒ አድርጊልኝ ብሏት ማሽኑ እያንጎራጎረ ነበር። ሰውዬው ወረቀቱን ተቀብሎ «ፊቴ ጠቁሮ ወጥቷል» እያለ ሲያጉረመርም እንኳ አልሰማችውም። በዚያ ሰዓት የጠቆረ ፊት ቢፈለግ የእሷን የሚያህል አልነበረም።

መርፌ የሚባለው ነገር ልብስ አይሰፋም። ፕሮግራም መጻፍ የሚማሩ ልጆች በየፋይሉ የጻፉትን ቁርጥራጭ ኮድ አንድ ላይ ሰፍቶ የሚሠራ ፕሮግራም የሚያደርግላቸው መሣሪያ ነው። በነጻ ይገኛል። ኮዱም ለማንም ክፍት ነው፤ የፈለገ ከፍቶ ያየዋል፣ የቻለ ያቃናዋል። የጀመሩት ሰው ሩቅ ከተማ የሚኖሩ መሐንዲስ ናቸው። መልካቸውን ያየ የለም፤ ሁሉም «ጋሼ» ይላቸዋል።

መርፌ ደግሞ ሁለት ነው። አዲሱ መርፌ ፈጣን ነው፣ አሪፍ ነው፣ ሰው የሚሻማው እሱን ለመሥራት ነው። አሮጌው መርፌ አዲሱን መሸከም ላቃታቸው አሮጌ ኮምፒውተሮች የቀረ ነው። አዲሱ ላይ ስህተት ተገኝቶ ሲታረም፣ አንድ ሰው እርማቱን ወደ አሮጌው አምጥቶ በልኩ ማስተካከል አለበት። ይህን ሥራ ማንም አይፈልገውም፤ አጨብጫቢ የለውማ። ሚጣና መብረቅ ግን ይሠሩት ነበር።

መብረቅ የክፍል ጓደኛዋ ነው። ስሙን ያወጡለት ጣቶቹ በኮምፒውተሩ ቁልፎች ላይ ሲሮጡ ያዩ ልጆች ናቸው። የሁለቱ ደንብ ቀላል ነው፦ አንዱ ያስተካክላል፣ ሌላው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ይሞክረዋል፣ ከዚያ እርማቱ ለተጠቃሚዎች ይወጣል። ድሮ ድሮ ሚጣ ራሷም በአክስቷ አሮጌ ኮምፒውተር ትሞክር ነበር። እሱ አንድ ቀን ጭስ ተፍቶ ከሞተ ወዲህ ግን ሙከራው ሁሉ ወደ መብረቅ ዞረ፤ የትምህርት ቤቱን የኮምፒውተር ክፍል ቁልፍ የሚይዘው እሱ ነውና። በዚህኛው እርማት ሥርም «ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል» ብሎ ጽፎበታል።

ሚጣ የጻፈችውን ኮድ ከፍታ መስመር በመስመር አየችው። ነገሩ የጽዳት ጉዳይ ነበር፤ መርፌ ሰፍቶ ሲጨርስ የሚተርፈውን ብጥስጣሽ ፋይል ጠርጎ እንዲጥል የሚያደርግ እርማት። አዲሱ መርፌ ብጥስጣሹን የሚያጠራቅመው ለብቻው በተለየ ፎልደር ነው። አሮጌው እንደዚያ አይደለም፤ ብጥስጣሹን የሚተወው ተማሪው ሥራውን ያስቀመጠበት እዚያው ፎልደር ውስጥ ነው። እሷ «ፎልደሩን ጥረግ» የሚለውን ትእዛዝ ከአዲሱ እንዳለ አምጥታ አሮጌው ላይ ለጥፋዋለች። አሮጌው መርፌም የታዘዘውን አደረገ። ብጥስጣሹንም የልጆቹንም ሥራ አንድ ላይ ሙልጭ አድርጎ ጠረገው።

አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ቢሞከር ይታይ ነበር።

«ምን ሆነሽ ነው አመድ የመሰልሽው?» አለች አክስቷ ከባንኮኒው ወዲያ።

«ሰው ላይ ጉዳት አደረስኩ፣ እትዬ።»

«የሰውዬውን መታወቂያ አበላሸሽ?»

«እሱ ቢሆንማ በምን ዕድሌ።»

አክስቷ ልትስቅ ብላ ፊቷን አየችና ተወችው። ወዲያው የመምህሩ ሁለተኛ መልእክት ገባ።

«ርእሰ መምህራችን ልጆቹ ራሳቸው አጥፍተውት ነው ይላሉ። እንደዚያ ከተባለ የዓመቱን ፕሮጀክት እንዳላስረከቡ ተቆጥሮ ዜሮ ይሰጣቸዋል። ጥፋቱ የመሣሪያው ከሆነ ግን እንደገና እንዲሠሩ ይፈቀድላቸዋል። የሆነውን ብቻ ጻፉልኝ። እኔ እናንተን አምኜ ነው የጫንኩት።»

«አምኜ» የምትለዋ ቃል ላይ ስትደርስ ማንበብ አቆመች። ቢሳደቡ ይሻላት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት መብረቅን ክፍል ከመግባቱ በፊት ኮሪደሩ ላይ ያዘችው።

«መልእክቱን አይተኸዋል?»

«አየሁት። ሰውዬው የሆነ ነገር ነካክቶ ነው። አታካብጂው ባክሽ።»

«ስህተቱን አግኝቼዋለሁ። የኔው ነው። ያልገባኝ አንተ ስትሞክረው እንዴት እንዳለፈ ነው።»

«ሠራልኛ! ምን ላድርግልሽ?»

«የትኛው ኮምፒውተር ላይ?»

«መስኮቱ ሥር ያለው ነዋ። አሮጌው።»

ዓይኑን በጨው አጥቦ ነበር የተናገረው። ሚጣ አመነችው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ የተቀመጡ ልጆች ናቸው፤ እሱን አለማመን የገዛ እጇን እንደ መጠራጠር ነበር። ምናልባት መስኮቱ ሥር ያለው ኮምፒውተር ከሌሎቹ የሚለይበት ነገር ይኖራል ብላ በእረፍት ሰዓት ልታየው ሄደች።

መስኮቱ ሥር ኮምፒውተር አልነበረም። ባልዲ ነበር። ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውሃ ጠብ ጠብ ይልበታል፤ የጽዳት ሠራተኛዋም ወለሉን እየወለወሉ ነበር።

«እማማ፣ እዚህ የነበሩት አሮጌ ኮምፒውተሮች የት ሄዱ?»

«ውይ፣ እነሱማ ውሃ በላቸው እኮ! የክረምቱ ዝናብ ሲገባ ጣሪያው አፍስሶባቸው መጋዘን ከተትናቸው። ጓደኛሽ አልነገረሽም? አብሮን ተሸክሞ ያወጣቸው እሱ ነው፤ ጀርባዬን አመመኝ እያለ ሲያስቀን ነበር።»

ሚጣ እርማቱን የጻፈችው ዝናቡ ካባራ፣ ኮምፒውተሮቹም መጋዘን ከገቡ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ከትምህርት በኋላ መብረቅ በሩ ላይ እየጠበቃት ነበር። ወዴት እንደሄደች ሳይሰማ አልቀረም። ሳትጠይቀው ጀመረ።

«እሺ፣ አልሞከርኩትም። በቃ? በምን ልሞክረው? ኮምፒውተር የለም።»

«ታዲያ የለም አትልም?»

«ብልማ አሮጌው መርፌ ሊዘጋ ነው። ጋሼ ደግሞ ወደ አዲሱ ቡድን ሊያስገቡኝ ቃል ገብተውልኛል፤ የጀመርከውን በደንብ ከያዝክ ብለው። እንዴት ብዬ አሁን ሥራው ቆሟል እላለሁ?» ድምፁ ተሰበረ። «ደግሞ የአንቺ እርማት መቼ ተበላሽቶ ያውቃል? ያንቺን እኮ ሳላየውም አምነዋለሁ።»

ይኼኛው ከውሸቱ ይልቅ አመማት። እሱ እሷን አምኖ አልሞከረም፤ እሷ እሱን አምና መቼና የትኛው ኮምፒውተር ላይ እንደሞከረ አልጠየቀችም። ሁለቱን ያመኑት መምህር ደግሞ ጫኑት።

«የጻፍሽው አንቺ ነሽ፣ ሚጣ» አለ መብረቅ ቀስ ብሎ። «ከታወቀ የምትሰደቢው አንቺ ነሽ። እኔ ለጋሼ የተጠቃሚ ስህተት ነው ብዬ ጽፌላቸዋለሁ። አንቺም አዎ በይ፣ አለቀ። ለሁለታችንም ነው።»

«ልጆቹስ?»

«የትኞቹ ልጆች? ታውቂያቸዋለሽ?»

«ዜሮ ሊሰጣቸው ነው።»

መብረቅ ጫማውን ያይ ነበር።

«እስከ ነገ እውነቱን ለጋሼ ራስህ ጻፍላቸው» አለችው። «የኔን ጥፋት እኔ እጽፋለሁ፣ ያንተን አንተ። ካልጻፍክ ግን ዝም አልልም።»

«ከጻፍሽ ከዛሬ ጀምሮ አላውቅሽም።» ይህን ብሎ ሄደ። ለወትሮው እስከ መታጠፊያው አብረው ነበር የሚሄዱት።

ፎቶ ኮፒ ቤቱ ስትደርስ የጋሼ መልእክት ይጠብቃታል። «መብረቅ የተጠቃሚ ስህተት ነው ይላል። ኮዱን የጻፍሽው አንቺ ስለሆንሽ ያንቺን ቃል እፈልጋለሁ። ከተስማማሽ ለመምህሩ ይህንኑ እመልስላቸዋለሁ።»

አንዲት «አዎ» ብቻ። እውነቱን ለመናገር፣ ሚጣ «አዎ» ብላ ጽፋም ነበር። ቃሏ ስክሪኑ ላይ ስትታይ ምንም አታህልም። ማንም አያውቅባትም፣ መብረቅም ነገ ወንበራቸው ላይ ቦታ ይዞ ይጠብቃታል። ቀድሞ እንደሚያደርገው የሒሳብ መምህሩን አረማመድ እያስመሰለ ያስቃታል። ጓደኛ ማጣት ፈራች፤ ከስድቡ ይልቅ ይህን ፈራች።

«ሥራ አስቸኩሏችሁ ነው አይደል?» አለች አክስቷ ነገሩን ከጫፉ ከሰማች በኋላ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

«እኔ ላይ ቢፈታ ምን ችግር ነበረው፣ እትዬ። የተፈታው እነሱ ላይ ነው።»

አክስቷ ሌላ ተረት አልጨመረችም። ሻይ አምጥታ አጠገቧ አስቀመጠችላት፣ ደንበኞቹንም ራሷ ማስተናገድ ያዘች። ሚጣ የጻፈችውን «አዎ» አጠፋችው።

በማግስቱ መብረቅ ከኋላ ወንበር ተቀመጠ። ሚጣ ቀኑን ሙሉ ስልኳን ስታይ ዋለች፤ ምንም አልጻፈም። አንዴ ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ አንገቱን ደፋ። ያን ጊዜ ጮኻ ብትለምነው ደስ ባላት፤ ክፍሉ ግን በሰው ተሞልቷል፣ መምህሩም እያስተማሩ ነው። ከሰዓት ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ ባለው አዲስ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣ ለመምህሩም ለጋሼም አንድ መልእክት ጻፈች።

«መምህር፣ ጥፋቱ የተማሪዎችዎ አይደለም። የመርፌ ነው፤ እርማቱን የጻፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ። አሮጌው መርፌ የልጆቹ ሥራ ያለበትን ፎልደር እንዲጠርግ አድርጌዋለሁ። ከመውጣቱ በፊት አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አልተሞከረም። እኔም መሞከሩን አላረጋገጥኩም። እርማቱን አሁን አንስቼዋለሁ፣ ሌላ ሰው እንዳይጭነው። የጠፋውን ሥራ መመለስ አልችልም። ይህን ለርእሰ መምህሩ ያሳዩልኝ፣ ይቅርታም ያድርጉልኝ።»

የመብረቅን ስም አላነሳችም። ማንሳትም አላስፈለገም፤ «ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል» የሚለው ቃሉ ከነስሙ ከእርማቱ ሥር፣ ዓለም በሚያየው ቦታ ተቀምጧል። ይህን ስታስበው አለቀሰች። አንድ ደንበኛ በሩ ላይ ቆሞ አይቷት ሳይገባ ተመለሰ።

የጋሼ መልስ አጭር ነበር። ስለጻፍሽልኝ አመሰግናለሁ፣ መብረቅን ለጊዜው ከሥራው አሳርፌዋለሁ ይላል። «አንቺ ከፈለግሽ ወደ አዲሱ መርፌ እወስድሻለሁ። አሮጌውን ግን መዝጋታችን ነው። ብቻሽን አይሆንም፣ ሁለተኛ ሰው የግድ ነው፤ አሮጌ ኮምፒውተር ያለው ፈቃደኛም የለንም።»

ለመብረቅ የታሰበው ቦታ እንዲህ በአንድ አረፍተ ነገር ለእሷ ቀረበላት። ከዚህ በፊት ቢሆን ከደስታዋ ብዛት ወንበሩን ይዛው ትዘል ነበር። አሁን መልስ ሳትጽፍ መልእክቱን ዘጋችው። በትምህርት ቤትም ወሬው ተዳርሶ ሁለት ቦታ ተከፍሏል፤ ግማሹ ፋራ ይላታል፣ ግማሹ ጓደኛዋን የሸጠች። መብረቅ ራሱ ግን አንድም ክፉ ቃል አልወጣውም። ሲያያት መንገዱን ቀይሮ በሌላ በኩል ያልፋል፤ ይህ ከስድቡ ሁሉ ከብዷታል።

ከመምህሩ የመጣው መልእክት ዘግይቶ ነበር።

«ልጄ፣ እንደገና እንዲሠሩ ተፈቅዶላቸዋል። ጊዜው አጭር ስለሆነ የበፊቱን ያህል አያደርሱትም፤ ቢሆንም ከዜሮ ይሻላል። አንዷ ተማሪዬ ግን አልሠራም ብላለች። ዓመቱን ሙሉ የደከመችበት ነበር፣ ከሁሉም የበለጠውን የሠራችው እሷ ነበረች። መርፌን ከእንግዲህ አልነካውም፣ እርማቱን የጻፈችውንም ልጅ አላምናትም ትላለች። ልቆጣት አልቻልኩም። ሌሎቹ የሚጠይቁኝ ደግሞ አሮጌው መርፌ ይቀጥላል ወይ እያሉ ነው። ኮምፒውተሮቻችን አዲሱን አይችሉም።»

ሚጣ ደጋግማ አነበበችው። አክስቷ መብራቱ ሳይጠፋ የደንበኞቹን ኮፒ ጨርሺ ብላ ብትጣራም ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። መጀመሪያ ለጋሼ ጻፈች፦ «ወደ አዲሱ አልሄድም። አሮጌውን ገና እንዳይዘጉት፣ ሁለተኛ ሰው እየፈለግሁ ነው።» ከዚያ ለመምህሩ መጻፍ ጀመረች። ጻፈች፣ አጠፋች፣ እንደገና ጻፈች።

«መምህር፣ አሮጌ ኮምፒውተር ያለው በእናንተ ዘንድ ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ የማስተካክለውን ሁሉ ከመውጣቱ በፊት የሚሞክርልኝ ሰው እፈልጋለሁ። እባክዎ ያቺን አላምናትም ያለችውን ልጅ ይጠይቁልኝ። ይቅር እንድትለኝ አይደለም። እንዳታምነኝ ነው የምፈልገው። እምቢ ካለችም እውነቷን ነው፤ አይጫኗት።»

ላከችውና ወደ ኮፒ ማሽኑ ተመለሰች።