ሠላሳ ኪሎ ማር

ጦርነቱ ሦስተኛ ዓመቱን በያዘ ጊዜ፣ ዝናቡ ባቆመ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከሻለቃው ጽሕፈት ቤት አዋጅ ወጣ፤ ለቁስለኞች መድኃኒት የሚሆን ሠላሳ ኪሎ ማር በየዓመቱ ከቀፎው ያስረከበ ቤተሰብ፣ አንድ ወንድ ልጁ ከዘመቻ ይቀርለታል የሚል።

በዚያ አገር አንዲት መበለት ነበሩ፤ ያሏቸውም አንድ ልጅና አንድ ቀፎ ነበር፤ ቀፎው ሟች ባላቸው ከግንድ የፈለፈሉት ሲሆን፣ ቢበዛ ቢበዛ ሰባት ኪሎ ይሰጥ ነበር። ከሰባት ሠላሳ እንዴት ይወለዳል? መልሱን ይዞ የመጣው የሻለቃው ጸሐፊ ነው፤ የንብ ድምፅ ሲሰማ እግሩ ከእሱ ቀድሞ የሚሸሽ፣ ስለ ንብ ግን የማያውቀው ነገር የሌለ ሰው።

«እመይቴ፣ ይኼ የሳጥን ቀፎ ይባላል» አለ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ። «ማሩ የሚሠራው በእንጨት ክፈፍ ላይ ነው፤ እንደ መጽሐፍ እየመዘዙ ማውጣት ነው።»

«ግባና አሳየኛ!»

«ከዚህም ይታያል።»

ልጃቸው ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ንቦቹ ወደ ሳጥኑ ተዛወሩ፤ የዚያ ዓመት አበባም ሰመረ። ማር በተቆረጠ ዕለት ሃያ ሁለት ኪሎ ተመዘነ፤ የቀሩት ሦስት ክፈፎች የንቦቹ የበጋ ስንቅ ነበሩ። በግንዱ ቀፎ ስለዚህ ስንቅ የተጨነቀ ሰው አልነበረም፤ የሰው ክንድ ከጓዳው ስለማይደርስ የንቦቹ ድርሻ ሳይነካ ይቀር ነበርና። ሳጥኑ ግን እጅ የማይገባበት ጥግ የለውም።

«እማዬ፣ ተያቸው» አለ ልጁ። «እነሱም ነፍስ ናቸው፤ እኔ እሄዳለሁ።»

«ዝም በል! በአንተ ላይ ከንብ ጋር ልደራደር ነው? ይልቅ ጭሱን ያዝልኝ።»

ሦስቱንም መዘዙ፤ ሠላሳ ሞላ። ልጁ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተሰጠው፤ እናትየውም በአደባባይ ተመሰገኑ።

በበጋው አጋማሽ ሳጥኑ ጸጥ አለ። ሲከፍቱት ከወለሉ ላይ አንድ እፍኝ የደረቁ ንቦች ነበሩ፤ የቀሩት ጥለው ሄደዋል። ዓመት ሲዞር አንድ ትንሽ መንጋ ገባላቸው፤ የሰጠውም አራት ኪሎ ነው።

ሻለቃው ራሳቸው ጸሐፊውን አስከትለው መጡ። «አምና ሠላሳ፣ ዘንድሮ አራት? ሌላውን ለማን ሸጡት?»

«ጌታዬ፣ አምና የወሰድኩት የዘንድሮንም ጭምር ነው።»

«ሳጥኑ ያው ሳጥን አይደለም እንዴ?»

«ሳጥኑማ ያው ነው። ንቦቹ ናቸው የሌሉት።»

ጸሐፊው ነገሩ ገብቶታል፤ ቢሆንም አንገቱን ደፍቶ የልጁን ስም ከዘማቾች ተርታ ጻፈ።

በማግሥቱ ልጁ ጫማውን እያሰረ፣ «ለእነዚህኞቹስ ስንቅ ተውሽላቸው?» አለ።

«ትቻለሁ።»

«እሰይ እማዬ!» ብሎ ጉንጫቸውን ሳመና ወጣ፤ አልተመለሰም።

የዘመኑ መዝገብ የሳጥን ቀፎ ከግንዱ ከአራት እጥፍ በላይ ማር እንደሰጠ፣ ብዙ ቁስለኞችም በዚያ ማር እንደዳኑ ይናገራል። ሐሰት የለበትም፤ ሠላሳው ኪሎ በእርግጥ ተመዝኗል። በሁለተኛው ዓመት ምን እንደሆነ ግን የጻፈ የለም፤ የሚያውቁት እናትም ማንም ሳይጠይቃቸው ሞቱ።